በአባቷ ጣት ላይ የታሰረው ወረቀት

«አባዬ፣ ቢስሚላህ በልና ለማጠፍ ሞክር» አለች ፈትሂያ።

አባቷ ጀማሉዲን ቀኝ እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ጠቋሚ ጣቱ ላይ አፍጥጧል። ከጣቱ ጀርባ አንዲት ቀጭን የወረቀት ቁራጭ በቁስል ፕላስተር ተለጥፋለች። በእርሳስ ተደጋግማ ከመቀባቷ የተነሳ ጠቁራ ታብለጨልጫለች። ከሁለቱ ጫፎቿ የተነሱት ሽቦዎች ኤሌክትሪክ ሠራተኞች ቴስተር ከሚሉት ቢጫ መለኪያ ጋር ተያይዘዋል። የፈትሂያ ጓደኛ ሊዲ ሽቦዎቹ እንዳይንሸራተቱ መቆንጠጫዎቹን በሁለት እጇ ይዛለች። ፈትሂያ ዓይኗን ከቴስተሩ መስኮት ሳትነቅል ቁጥሩን ታነባለች።

«አርባ ሁለት... አርባ ሁለት... አሁንም አርባ ሁለት።»

ጀማሉዲን ጥርሱን ነከሰ። የክንዱ ጅማት ተገተረ፤ ጣቱ ግን እንደተጋደመ ቀረ። ሊዲ ቀና ብላ ፊቱን አየችው። ከዚያ ቶሎ ብላ አቀረቀረች።

«አርባ ሦስት» አለች ፈትሂያ። ድምፅዋ ተለወጠ። «አርባ አራት። አባዬ፣ ተንቀሳቅሷል።»

«እኔ አላየሁትም።»

«ዓይን የማያየውን ነው እኮ የሚለካው።»

«እስቲ እንደገና» አለ ጀማሉዲን። እንደገና ሞከረ። አሁንም አርባ አራት። ቴስተሩን በግራ እጁ ወደ ራሱ አዙሮ ቁጥሩን ራሱ አየው። «አልሐምዱሊላህ» አለ ለራሱ ያህል ብቻ፤ ተነስቶም መስኮቱ ጋ ሄደና ጀርባውን ሰጥቷቸው ቆመ። ጦሳ ተራራ ከነግርጌው በጉም ተውጦ ነበርና ከመስኮቱ ውጭ የሚታይ ነገር እንደሌለ ፈትሂያ ታውቃለች።

ጀማሉዲን አሥራ አራት ዓመት ሙሉ በየማለዳው ከደሴ፣ ከሆጤ ሰፈር ተነስቶ ኮምቦልቻ እየወረደ፣ ካርቶን በሚያመርት አንድ ፋብሪካ ውስጥ በማሽን ጠጋኝነት ሠርቷል። ከስምንት ወር በፊት የተቀረቀረ ወረቀት ሲያወጣ እጅጌውን ጥቅልሉ ብረት ያዘበት። ሐኪሞች እጁን አተረፉለት፤ ጠቋሚና መካከለኛ ጣቱ ግን መታጠፍ እንቢ አሉ። «ነርቭ ጊዜ ይፈልጋል። ሊመለስም ላይመለስም ይችላል» ነው ያሉት። «ብቻ መገጣጠሚያው እንዳይደርቅ በየቀኑ አንቀሳቅሰው።» ሁለት ወር አንቀሳቀሰው። ከዚያ ተወው። ሰው ሲመጣ ቀኝ እጁን ኮቱ ኪስ ውስጥ መክተት ለመደ። ድሮ የሰፈሩ ሰው የተበላሸ ራዲዮና ካውያ ሁሉ ይዞለት ይመጣ ነበር። አሁን በሩን የሚያንኳኳ ጠፋ።

ወረቀቱን የወለደው የፊዚክስ ክፍለ ጊዜ ነበር። መምህር ሞላልኝ አንድ ቀን እርሳስ ከፍ አድርገው ለዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎቻቸው አሳዩ። «ስትጽፉ ወረቀቱ ላይ የሚቀረው ግራፋይት ነው» አሉ። «ግራፋይት እንደ መጽሐፍ የተደራረበ ቅጠል ነው። ከዚያ ውስጥ አንዷን ቅጠል ብቻ፣ ውፍረቷ አንድ አቶም የሆነውን፣ ነጥሎ ማውጣት ቢቻል ግራፊን ትባላለች። ውጭ አገር ያሉ ፋብሪካዎች ከእሷ ሴንሰር እየሠሩ ነው። ማሽን ላይ ስትለጠፍ ብረቱ ሲጎብጥ ወይም ሲለጠጥ ሰው ሳያይ ታውቃለች። የሠራተኛ ጓንት ላይ ስትለጠፍ ደግሞ የጣቱን እንቅስቃሴ ትለካለች።»

ከኋላ አንዱ «እኛ ከየት እናመጣታለን ቲቸር?» አለ።

«አናመጣትም። እርሳስ ግን አለን» አሉ መምህር ሞላልኝ። ወረቀት ላይ ወፍራም መስመር አሰመሩ፣ በቴስተር ለኩት፣ ወረቀቱን ጎበጥ አደረጉት። ቁጥሩ ጨመረ። «ሲጎብጥ የእርሳሱ ብናኞች ይራራቃሉ፤ ኤሌክትሪክ እንደልብ ማለፍ ያቅተዋል። የድሃ ሴንሰር በሉት።»

ክፍሉ ሳቀ። ፈትሂያ አልሳቀችም። የሠራተኛ ጓንት ሲሉ ሐሳቧ ሆጤ ደርሶ ነበር።

የሊዲ አባት ፒያሳ ውስጥ የጽሕፈት መሣሪያ ይሸጣሉ። ለስላሳውን የሥዕል እርሳስ ያመጣችው ሊዲ ናት፤ ቴስተሩንም ከታላቅ ወንድሟ ለምና ያመጣችው እሷው ናት። ሁለቱ ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ነው የሚቀመጡት። ሊዲ እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ኳየር ውስጥ ትዘምራለች፤ ቅዳሜ ደግሞ የፈትሂያ ቤት ሰው ናት።

ከዚያች የመጀመሪያ ቅዳሜ በኋላ ቤቱ ተለወጠ። ጀማሉዲን ማለዳ ተነስቶ እጁን ሞቅ ባለ ውኃ ይዘፈዝፋል፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ እያሸ ያጥፋል፣ ይዘረጋል። ቀጥለው በመጡት ሁለት ቅዳሜዎችም ሊዲ መቆንጠጫውን ይዛ፣ ፈትሂያ እያነበበች፣ ቁጥሩ አርባ አራት ገባ። አንድ ቀን እናቷ ሸሪፋ ፈትሂያን ጓዳ ውስጥ ያዝ አድርጋ፣ «ዛሬ ጠዋት ሲያንጎራጉር ሰማሁት» አለቻት። «ስምንት ወር ሆነኝ ድምፁን ከሰማሁ። አላህ እድሜሽን ያርዝመው።»

ነገሩ መለወጥ የጀመረው መምህር ሞላልኝ ሠንጠረዡን ባዩ ጊዜ ነው። በሰኔ ለሚደረገው የሳይንስ ኤግዚቢሽን የፈትሂያና የሊዲ ሥራ እንዲቀርብ ፈልገዋል። «ጎበዞች» አሉ። «ግን የማይንቀሳቀስ ነገር ላይም ለኩት። ያኔ ነው ልዩነቱ የሚታወቀው።»

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ፈትሂያ ወረቀቱን የእንጨት ማንኪያ ላይ ለጠፈችው። መቆንጠጫውን የተሰጣ ልብስ በሚይዘው አግዲ አጥብቃ ሃያ ደቂቃ ቁጭ ብላ አየችው። አርባ ሁለት። ንቅንቅ የለም። ደስ አላት፤ ወዲያው አባቷን ጠርታ ጣቱ ላይ ለጠፈችው። ሊዲ ስላልነበረች መቆንጠጫው በአግዲው እንደታሰረ ቀረ።

ጀማሉዲን ሞከረ። አርባ ሁለት። ዕረፍት ወስዶ እንደገና ሞከረ። አርባ ሁለት። ላብ በላብ ሆነ። አርባ ሁለት።

«ምን ይላል?» አለ።

ፈትሂያ ከቴስተሩ ቀና አላለችም። «ባትሪው ደክሟል መሰለኝ» አለች። «ሌላ ቀን እንሞክራለን።»

ሐሙስ በእረፍት ሰዓት ሊዲን ከትምህርት ቤቱ የውኃ ቧንቧ ጀርባ ወሰደቻት።

«ማንኪያው ላይ አይነቃነቅም» አለቻት። «አባዬ ላይም አይነቃነቅም። የሚነቃነቀው አንቺ ስትይዢው ብቻ ነው።»

ሊዲ አልካደችም። «የወረቀቷን ጫፍ በአውራ ጣቴ ጎበጥ ሳደርገው ነው» አለች። «መጀመሪያ ቀን ፊታቸውን አየሁት ፈትሂ። አንቺ ቁጥሩን ነበር የምታይው። እኔ ፊታቸውን አየሁት። አልቻልኩም።»

«ሁለተኛውስ? ሦስተኛውስ?»

«ከዚያማ እንዴት ልተው? አንዴ አርባ አራት ካሉ በኋላ...» ሊዲ የዩኒፎርሟን እጅጌ ጎተተች። «ደግሞስ ምን ጎዳ? እየበሉ ነው፣ እየሳቁ ነው። አቦ ተይው በቃ። እኛ እንጂ እሳቸው አያውቁ።»

«አባቴን አሻንጉሊት አደረግሽው።»

«ፈትሂ...»

«አትንኪኝ» አለች ፈትሂያ። ከእረፍት በኋላ ሌላ ዴስክ ላይ ተቀመጠች። ሊዲን የዘለፈችበት ነገር ግን እሷንም ይነካት ነበር። ባትሪው ደክሟል ያለችው ማን ሆነና።

አርብ ማታ ራት ላይ ጀማሉዲን አንድ ደብዳቤ አወጣ። ፋብሪካው የመሣሪያ ግምጃ ቤት ኃላፊ አድርጎ ሊመድበው ይፈልጋል። ተቀምጦ የሚሠራ ሥራ ነው፤ መፍቻና መለዋወጫ እያወጣ ለጠጋኞች ይሰጣል፣ ይመዘግባል። መልሱን እስከ ሰኞ ይፈልጋሉ።

«መልካም ነው እኮ» አለች ሸሪፋ።

«መልካም ነው፤ ግን እንቢ እላቸዋለሁ» አለ ጀማሉዲን። ቀኝ እጁን ገበታው ላይ እንደዋዛ አስቀምጧል። «እኔ ማሽን ጠጋኝ ነኝ። ጣቴ እየተመለሰ ነው፤ ትንሽ ወር ይጠብቁኝ እላቸዋለሁ። ፈትሂያ ልኬቱን በወረቀት ትጽፍልኛለች፣ አሳያቸዋለሁ። አይደል ልጄ?»

ፈትሂያ ያነሳችውን ጉርሻ መልሳ ገበታው ላይ አኖረች።

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ሸሪፋ ገበያ ወጣች። ሊዲ አልመጣችም። ጀማሉዲን በረንዳው ላይ ተቀምጦ፣ ከብዙ ወር በኋላ ጎረቤት ያመጣለትን ራዲዮ ጉልበቱ መካከል አጣብቆ፣ በግራ እጁ በካቻቪቴ ይፈታል። ፈትሂያ ከጎኑ ደረጃው ላይ ተቀመጠች።

«አባዬ፣ የቴስተሩ ባትሪ ደህና ነው።»

«አዲስ አስገባሽለት?»

«አላስገባሁም። ረቡዕም ደህና ነበር። ዋሽቼህ ነው። ቁጥሩ አልተነቃነቀም። ባለፉት ቅዳሜዎችም የጨመረው በጣትህ አይደለም። መቆንጠጫው ተነክቶ ነው። ጣትህ አልተንቀሳቀሰም አባዬ።»

ጀማሉዲን ካቻቪቴውን ራዲዮው ላይ አስቀመጠ። ካቻቪቴው ተንከባሎ ወደቀ፤ ማንም አላነሳውም።

«ማን ነካው?»

ለዚህ ጥያቄ ከሐሙስ ጀምሮ ብዙ መልስ አዘጋጅታ ነበር። አሁን አፏ ላይ የመጣው ከተዘጋጁት አንዱም አልነበረም። «ሽቦውን የያዝነው እኛ ነን» አለች። «ልኬቱ ግን የኔ ነው። ሳላጣራ ተንቀሳቅሷል ያልኩህ እኔ ነኝ።»

አዛን ተሰማ። ጀማሉዲን ተነስቶ ውዱእ አደረገ። የቀኝ እጁን ጣቶች ከሌላው ጊዜ ይልቅ ቀስ ብሎ፣ አንድ በአንድ ሲያጥብ ፈትሂያ ከደረጃው አየችው። ሳይናገራት ወደ መስጊድ ሄደ። የአስር ሶላት አልቆ ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ሲመለስ እሱ አልመጣም። እሷም የወደቀውን ካቻቪቴ አንስታ፣ የራዲዮውን ብሎኖች አንድ ሳህን ላይ ሰበሰበች። ከዚያ የምትሠራው አጣች።

ሲመጣ እዚያው ደረጃው ላይ አጠገቧ ተቀመጠ።

«ሦስቱም ቅዳሜ ነው?»

«ሦስቱም።»

«እኔ እኮ ሙቀት ተሰምቶኝ ነበር» አለ ጣቱን እያየ። «ከውስጥ ነዘር ሲያደርገኝ ወላሂ ተሰምቶኝ ነበር። ለካ ሰው የተመኘውንም ይሰማዋል።»

ፈትሂያ ፊቷን ጉልበቷ ላይ ደፋች። ጀማሉዲን ደካማውን እጁን አንስቶ ጀርባዋ ላይ አኖረው።

«አብሽሪ። አታልቅሺ። ለምን ነገርሽኝ?»

«ሰኞ እንቢ ልትላቸው ስለሆነ።»

«ልላቸው ባይሆንስ ኖሮ?»

አሰበችበት። «እንጃ» አለች።

ጀማሉዲን በአፍንጫው ሳቅ አለ። «እሱንም እውነት ተናገርሽ። በይ ሂጂና ወረቀትሽን አምጪና እሰሪልኝ።»

«ምን ያደርጋል አባዬ?»

«ግዴለም፣ እሰሪው።»

መቆንጠጫውን በአግዲ አሰረችው። አርባ ሁለት። ጀማሉዲን ለመጨረሻ ጊዜ በሙሉ ጉልበቱ ሞከረ፤ ቁጥሩ አልተነሳም። ከዚያ በግራ እጁ የሞተውን ጣት ይዞ ራሱ አጠፈው። ቁጥሩ ወደ ሃምሳ አንድ ዘለለ። ለቀቀው፤ ወረደ። በጥቂቱ ብቻ አጠፈው፤ አርባ አምስት።

«ይሠራል እኮ» አለ። ድምፁ ድሮ ከማሽን ጋር ሲነጋገር የነበረው ድምፅ ነበር። «ጥፋቱ የወረቀቱ አይደለም።»

ሰኞ ማለዳ ፈትሂያ ለመምህር ሞላልኝ ሠንጠረዡ ስህተት መሆኑን ነገረቻቸው። ማን እንዳጠፋ አልጠየቋትም። «አትቅደዱት» አሉ። «ከሥሩ ምን እንደተሳሳታችሁ ጻፉ።» ጻፊ ሳይሆን ጻፉ ነው ያሏት። ሊዲ ከፊት ዴስክ ላይ ብቻዋን ተቀምጣ ጀርባዋ ይታያል።

ከሰዓት በኋላ ጀማሉዲን ልጁን አስከትሎ ኮምቦልቻ ወረደ። ሚኒባሱ ጠመዝማዛውን መንገድ ጨርሶ ሜዳው ላይ ሲደርስ ሙቀቱ ተቀበላቸው፤ ጀማሉዲን ኮቱን አውልቆ ክንዱ ላይ ጣለው። የሚከትበት ኪስ ስለሌለ ቀኝ እጁ ተገልጦ ዋለ። ፈትሂያ ቢሮው በር ላይ ጠበቀችው። ብዙም አልቆየ።

«ፈረምኩላቸው» አለ ሲወጣ። «በግራ እጄ። ፊርማዬ የአንደኛ ክፍል ልጅ ጽሕፈት መሰለ። ነይ፣ አንድ ነገር ላሳይሽ።»

ወደ ፋብሪካው ውስጥ አስገባት። ፈረቃ እየተቀየረ ስለነበር ማሽኖቹ ቆመዋል። አንዱ ማሽን ፊት ሲደርሱ እርምጃው ዘገየ። ከስምንት ወር ወዲህ እዚያ ቆሞ አያውቅም። ሁለት ወፋፍራም ጥቅል ብረቶች ተፋጠው ይታያሉ። ፈትሂያ የአባቷን እጅ ያዘች። እሱም አልነጠቃትም።

«እጅጌዬ የገባው በዚህ ነው» አለ። «አየሽ፣ ከብረቱ ቀድማ ይቺ ላስቲክ አለች። ለአቧራ የተደረገች ናት። ጨርቅ ይሁን እጅ ይሁን፣ ወደ ብረቱ የሚሄድ ሁሉ መጀመሪያ እሷን ያጎብጣል። ከዚያ እስከ ብረቱ ያለው አንድ ስንዝር ነው። ማሽኑ ያኔ ቢቆም ሰው ይተርፋል።» ላስቲኳን በአውራ ጣቱ ጎበጥ አድርጎ ለቀቃት። «ወረቀትሽ መጉበጥን አይደል የምታውቀው?»

ፈትሂያ ላስቲኳን አየች፣ አባቷን አየች።

«ወረቀት እዚህ አይበረክትም» አለች። «ይቀደዳል፤ እርጥበትም ያበላሸዋል። መምህር ሞላልኝ ግራፊኑን ጎማ ውስጥ ቀብረው የሚሠሩ አሉ ብለውናል።»

«እነሱ ይቅበሩ። እኛ ለኤግዚቢሽን የምናሳየው ሐሳቡን ነው።»

እኛ አለ። ፈትሂያም ላስቲኳን በጣቷ ጎበጥ አድርጋ ለቀቀቻት።

ሽቅብ ወደ ደሴ ሲመለሱ ጀማሉዲን ኮቱን መልሶ ለበሰ። ደብዳቤው የመጣበትን ፖስታ ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ በግራ እጁ ይሥላል። ሚኒባሱ በየመታጠፊያው ሲያዘነብል መስመሩ ይሾልካል፤ እንደገና ይሥለዋል። ሁለት ክብ ሣለ፣ ከፊታቸው ላስቲኳን ሣለ፣ ከላስቲኳ ጀርባ አጭር ጥቁር መስመር አደረገ።

«አሮጌ የልብስ መጭመቂያ፣ ያ በመዘውር የሚዞር ባለ ሁለት ጥቅሉ፣ ቢገኝ እንደ ማሽኑ እናደርገዋለን» አለ። «ግን ሦስት ሰው ይፈልጋል። እኔ መዘውሩን አዞራለሁ፤ በግራ እጄ ይቻለኛል። አንቺ ቁጥሩን ታነቢያለሽ። እጅጌውን የሚያስገባውስ?»

ፈትሂያ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች። ገደሉ ሥር ያለው መንደር በጉም እየተሸፈነ ነው።

«ያቺ ጓደኛሽ ቅዳሜ አልመጣችም» አለ ጀማሉዲን።

«አዎ።»

«ማን ነካው ብዬ ሁለተኛ አልጠይቅሽም። ብቻ ማንም ይሁን፣ ለክፋት አልመሰለኝም።»

«ቢሆንም ዋሽቷል» አለች ፈትሂያ።

«ዋሽቷል» አለ አባቷ። ወደ ሥዕሉ ተመለሰ።

ፈትሂያ ከውኃ ቧንቧው ጀርባ ሊዲን የተናገረቻትን አስታወሰች። ንዴቷ አልበረደም፤ እውነቱን ለመናገር ገና ያቃጥላታል። ሆኖም ሊዲ «እኔ ፊታቸውን አየሁት» ስትል የነበራት ድምፅም አልለቅ አላት። ሦስት ቅዳሜ ሙሉ እሷ ቁጥር ስታይ የአባቷን ፊት ታይ የነበረችው ሊዲ ናት።

ደሴ ሲገቡ ካፊያ ጀምሮ ነበር። ባጃጆች መብራታቸውን አብርተው ይተላለፋሉ። ረዳቱ ራሱን በመስኮት አውጥቶ «ፒያሳ፣ ፒያሳ» ይላል። ፈትሂያ ቦርሳዋን ከእግሯ ሥር አነሳች።

«ወራጅ አለ» አለች።

ጀማሉዲን የት እንደምትሄድ አልጠየቃትም። እንድታልፍ ጉልበቱን ሰበሰበና ፖስታውን አጣጥፎ ሰጣት። «ለመግሪብ ሶላት ቤት ግቢ» አላት ብቻ።

ሚኒባሱ ሄደ። የጽሕፈት መሣሪያ መደብሩ ከመንገዱ ማዶ ነው። ሊዲ ባንኮኒው ጀርባ ቆማ ለአንዲት ሕፃን ደብተር ትሸፍናለች፤ ገና አላየቻትም። ምን ብላ እንደምትጀምር ፈትሂያ አልተዘጋጀችም። ፖስታውን ካፊያው እንዳይነካው ሹራቧ ውስጥ ከተተችና አንድ ባጃጅ አሳልፋ መንገዱን ተሻገረች።